የታጠበው ገብስ

በሰባ ሰባት ዓ.ም. ጥር ወር ነው። ካድሬው ጓድ ደሴ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ «በወሩ መጨረሻ የሁላችሁንም የበልግ ዘር አያለሁ። የሚበቅል ዘር የሌለው ሠፈራ ይሄዳል» ብሎ ተናገረ። በማግስቱ እማማ ይማርሽ፣ የሟቹ የቄስ ወልደ ኪዳን ባለቤት፣ እኔ የግብርና ሠራተኛ ወደሆንኩበት ልማት ጣቢያ መጥተው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ገብስ ፈቱልኝ። ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ ጠቁሯል፤ ይሸታል።

«ይበቅላል በለኝ፣ ልጄ። ባሌ የተቀበረው እዚህ ነው።»

በጣሳ ዘርቼ ሞከርኩት። ከበቀለው የሻገተው በለጠ። ፍሬውን ስሰነጥቀው ግን ውስጡ ነጭ ነው፤ ሕመሙ ያለው ቆዳው ላይ ነበር። በዘር ቆዳ ላይ ዓይን የማያያቸው ብዙ ተሕዋስያን እንደሚኖሩ፣ አንዳንዶቹ ቡቃያ እንደሚገድሉ፣ ሌሎቹም እንደሚጠብቁ ኮሌጅ ተምሬአለሁ። ስለዚህ በበረኪና አጠብኩት።

ጥሩ አድርጎ በቀለ። እማማ እልል ሊሉ ሲሉ በስንት ልመና አስቆምኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን ቡቃያው የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ሁሉ ከአንገቱ እየተሰበረ ወደቀ። በረኪናው ከገዳዩ ጋር ጠባቂውንም ፈጅቶት፣ ራቁቱን የወጣውን ቡቃያ የአፈሩ ሻጋታ በላው።

ፍርሃት የያዘኝ ያን ጊዜ ነው። በበረኪና አጥቤ፣ ቡቃያው ሳይወድቅ እንዲታይ ቀኑን ባመቻች፣ ደሴ ሲመጣ ጣሳው አረንጓዴ ይሆናል፤ እማማም ከሠፈራው ይቀራሉ። ከዚያ ማሳቸው ላይ ዘርተው ባዶ እጃቸውን ይቀመጣሉ። እኔም «አሻጥረኛ» እባላለሁ። በዚህ ስም ወልድያ የተወሰደ ጓደኛዬ እስካሁን አልተመለሰም።

«ንጹሕ ውሃ ያምጡልኝ። የኩሬ እንዳይሆን» አልኳቸው።

በእንስራ ይዘው መጡ። ሻጋታው እንዲለቅ፣ ጠባቂው ግን እንዲተርፍ ዘሩን በውሃ ብቻ ደጋግሜ አሽቼ አጠብኩት፤ ፀሐይ ላይ አስጥቼ እንደገና ዘራሁት። አንዳንዱ ሳይበቅል ቀረ። የበቀለው ግን ጸንቶ ቆመ።

ደሴ መጥቶ ከጣሳው መሃል አንዷን ቡቃያ ነቀላት። ሥሯ አፈር አንጠልጥሎ ወጣ። ከጎኑ የተሰጣውን የታጠበ ገብስም አየ።

«በምንድን ነው ያጠባችሁት?»

«በውሃ» አልኩ።

«በአሸተን ማርያም ጠበል» አሉ እማማ።

 በስብሰባ መሃል ጠበል ያነሱ አንድ ቄስ ገና አልተፈቱም።

ደሴ ወደ እኔ ዞረ። «ታውቅ ነበር?»

«ንጹሕ ውሃ ያምጡ ነው ያልኳቸው።»

«ታዲያ ከጠበል የሚጠራ ምን አለ?» አሉ እማማ ተቆጥተው።

ደሴ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ደጅ ወደቆመው ታጣቂ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውሃ ነው ያሉት። እኔም የሰማሁት ውሃ ነው። እዚሁ ይቆዩ።» በሩ ላይ ሲደርስ «የሠፈራው መኪና ግን ባዶውን አይመለስም» አለኝ። «ነገ ጎረቤታቸውን አረጋን አያለሁ።»

የአረጋ ገብስ ከዚያው ጉድጓድ የወጣ ነው፤ አልታጠበም፤ አልተዘራም። በአንድ ሌሊት ደግሞ ገብስ አይበቅልም።

እማማ ሳይጠይቁኝ ጣሳውን አንስተው ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት። «ነገ አረጋ ይህን የእኔ ነው ብሎ ያሳየዋል። ያው አንድ ዘር ነው፣ ልጄ። የእሱንም ዛሬውኑ እናጥብለታለን።»

«ይቆዩ» አልኳቸውና ጣሳውን ተቀበልኩ። ደሴ ቡቃያዋን የነቀለበት ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ይታያል። ነገ ጣሳውን እንዳይለየው በአውራ ጣቴ አፈር ሞልቼ ደፈንኩት።