ሞጣ ሆኖ የቢቸናን ውሃ የሚሰማው

"እስቲ ይክፈቱት፣ እማማ ሀብትነሽ!" አለች የውሃ መሥሪያ ቤቷ ሄለን፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ እንደ ያዘች።

ሀብትነሽ የቦኖውን ቧንቧ ጠመዘዘችው። ውሃው ጭል ጭል አለ።

"አሁን ከፈቱት" አለ ትንሽ ቆይቶ ከስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ። እንዳለው ይባላል፤ የሄለን የሥራ ባልደረባ ነው። የተቀመጠው ግን እዚህ ቢቸና አይደለም፤ ሞጣ፣ ከኮምፒዩተሩ ፊት ነው።

ሀብትነሽ ሄለንን ጠቀሰቻት፤ እንዳትነግሪው ማለቷ ነው። ቧንቧውን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጠበቀች። መልሳ ከፈተችው።

"ዘጉት" አለ እንዳለው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሳቀ። "ኧረ ደግመው ከፈቱት! ምነው እማማ፣ ሊፈትኑኝ ነው?"

ሀብትነሽ እሳት እንደ ነካው ሰው እጇን ከቧንቧው ላይ አነሣች። አማተበች።

"በስመ አብ! ሞጣ ማለት እኮ ጉንደ ወይንን አልፎ፣ አንጀት የሚበጥስ መንገድ ነው! እዚያ ተቀምጦ እጄን ያያል?"

"እጅዎን አያይም" አለች ሄለን። "ቧንቧው ላይ ያሰርናት ይቺ ሳጥን ውሃው ሲያልፍ ትቆጥርና እንደ ስልክ መልእክት ትልክለታለች። ሴንሰር ነው የምትባለው።"

"ሰላይ በያት እቴ!"

ጎንበስ ብላ አየቻት። ከቡጢ አትበልጥም፤ ዓይን የላት፣ ጆሮ የላት። ሀብትነሽ አሥራ አራት ዓመት ቦኖ ስትጠብቅ፣ በታችኛው ሰፈር እሷን ሳይነካ ያለፈ ወሬ የለም። ማን ከማን እንደ ተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደ ታየች፣ ጀሪካኑ ተሰልፎ ሳለ ነው የሚጣራው። ታዲያ የሀብትነሽ ወሬ መንገድ ላይ ይፋፋል፤ ዶሮው በግ፣ በጉ በሬ ሆኖ ነው ገበያ የሚደርሰው። ይቺ ግን የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ሞጣ ታደርሳለች። ይቺን የሠራ ሰው፣ እናቱ ምን አብልታ አሳደገችው? አለች በልቧ።

"እና አሁን ምን አለችሽ?"

"ሁለት ናቸው እማማ። አንዷ ኮረብታው ላይ፣ ታንከሩ አፍ ላይ ናት። እሷ በሰዓት አሥር በርሜል ለቀቅሁ ትላለች። ይቺ ደግሞ አንድ በርሜል ብቻ ደረሰኝ ትላለች።"

"ዘጠኙስ?"

"መሃል ላይ ፈስሷል። ቧንቧው ተሰብሯል ማለት ነው። የት ላይ እንደ ሆነ ግን አይነግሩኝም። ስምንት መቶ ሜትር ነው፤ እየቆፈርን ልንፈልግ ነው። ወርም ሊፈጅ ይችላል።"

"እኛስ በጋው ነው ብለን ነበር። መቼ ነው መፍሰስ የጀመረው?"

ሄለን ስልኳን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። "የተተከሉት ጥር ላይ ስለሆነ ሁሉንም መዝግበዋል። ይኸው። የካቲት አሥራ ስድስት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ።"

ሀብትነሽ የቦኖው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

የካቲት አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት። በዚያ ዕለት ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ከሰፈሩ በላይ ካለው ሾላ ሥር፣ ምድሩ በደረቀበት በጋ፣ ውሃ ፈልቆ አገኘ። ቀድማ ያየችው ሀብትነሽ ናት። ሀብትነሽ ደግሞ ያየችውን ውጣ አታድርም። "እመቤቴ ጠበል አፈለቀችልን!" ብላ እልል ስትል፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው መናኸሪያ ደረሰ። በሳምንቱ ከጉንደ ወይን፣ ከሉማሜም ሳይቀር በሽተኛ የጫነ መኪና መጣ። የደብሩ አለቃ "ቆዩ እስቲ፣ አትቸኩሉ" ቢሉም ማን ሰምቷቸው!

ጠበል ከተባለ ወዲያ ደግሞ ወጥ አይሠራበት፣ ልብስ አይታጠብበት። ሰው ይጠጣል፣ ይጠመቃል፤ ከዚያ ባዶ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በሚፈሰው ውሃ አጠገብ አልፎ ወንዝ ይወርዳል። ይኸው ሃያ ሦስት ቀኑ።

"አመመዎት እንዴ እማማ?" አለች ሄለን።

"ምን ያመኛል። ፀሐዩ ነው።"

ጎረቤቷ አየሁሽ በዚህ መሃል በሃይላንድ የተሞላ ውሃ ይዛ ብቅ አለች። ስንት ዓመት እንደ ማጭድ ጎብጣ የኖረች ሴት፣ ዛሬ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።

"ሀብትዬ፣ እንኪ ጠበል! የውሃ ሹም ሆነሽ በጥም እንዳትሞቺብን!"

"እግዜር ይስጥሽ።"

"ወገቤን እይልኝማ! ትናንት ጎመን ስኮተኩት ዋልሁ። አንቺ ባትነግሪኝ እስካሁን ከመደቤ አልነሣም ነበር።" አየሁሽ ፊቷን አየቻት። "ምነው ምላስሽ ታሰረ? ወሬ አለቀብሽ?"

"አለቀብኝ።"

"ይኼስ ከጠበሉ የባሰ ተአምር ነው!"

ሀብትነሽ አልሳቀችም። ብትናገር፣ የቧንቧ ውሃ ያስጠመቀችን እየተባለች እስከ መቃብሯ መሳቂያ መሆኗ ነው። የአየሁሽስ ወገብ? ነገሩን ሰምቶ ተመልሶ ቢጎብጥ? ዝም ብትልስ ማን ያውቃል! ያቺ ሳጥን እንደሆነች ቀኑን እንጂ ቦታውን አላወቀችም። ይቆፍሩ፤ አንድ ቀን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ይህን ስታስብ ልጇ ብሩክታይት ከወንዝ መጣች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በገመድ ያዘለችውን ጀሪካን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ፣ እሷም ዘፍ አለች። ጉልበቷ ደምቷል።

"ምን ሆንሽ?" ሀብትነሽ እየተንደረደረች ደረሰች።

"ዳገቱ ላይ ተንሸራተትሁ። አይዞሽ እማዬ፣ በጉልበቴ ነው የወደቅሁት። ሆዴ ደህና ነው፤ ይኸው ይራገጣል።"

"ብቻሽን ለምን ወረድሽ? እዚህ በሩ ላይ ከሚፈሰው ብትቀጂ ምን ነበረበት?"

"ከጠበሉ?" ብሩክታይት በድካም መሃል ሳቀች። "በጠበል ጨርቅ ልጠብ? ነውር ነው ብለሽ ሰፈሩን ሁሉ የገዘትሽው አንቺ አይደለሽ?"

ሀብትነሽ የልጇን ጉልበት በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችላት። ደሙን አየችው። ከዚያ ብድግ አለችና ወደ ሄለን ዞረች።

"ነይ ልጄ፣ ላሳይሽ።"

"ምኑን?"

"ዘጠኙን በርሜል።"

"የት ልትወስጃት ነው?" አለች አየሁሽ።

"አንቺም ተከተይኝ። ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔው ነኝ።"

በርቶ ያለቀ የጧፍ ሰም የሾላውን ሥር አልብሶታል። ውሃው ጥርት ብሎ፣ አረፋ እየሠራ ይንደቀደቃል። ሄለን ከያዘችው ወረቀት ላይ የቧንቧውን መስመር አየች፤ ዛፉን አየች፤ የዛፉን ወፋፍራም ሥሮች አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እማማ፣ ቧንቧው በዚህ ነው የሚያልፈው። ሥሩ ነው የሰበረው።"

"አውቄዋለሁ።"

"ምን አለች?" አለች አየሁሽ።

"ውሃው የቦኖው ነው አየሁሽ። ሞጣ ተቀምጦ ውሃችንን የሚቆጥር ልጅ መፍሰስ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት ሳይቀር አውቆታል።"

አየሁሽ እጇን ወገቧ ላይ ጣለች። ፈራ ተባ እያለች ጎነበሰች፤ ቀስ ብላም ቀና አለች። እንደገና ጎነበሰች፤ እንደገና ቀና አለች።

"ይኸው ቀንቷል እኮ!" አለች ልታለቅስ ደርሳ።

"ቀንቷል። እሱን ሳጥኗ አልቆጠረችውም።"

ሄለን ምልክት የምትተክልበትን ችካል ይዛ ወደ ውሃው ልትራመድ ስትል ሀብትነሽ ክንዷን ያዘቻት። ራሷ ጎንበስ ብላ የላስቲክ ጫማዋን አወለቀችና ዳር አስቀመጠችው።

"አንቺም ጫማሽን አውልቂ" አለቻት፤ "ከዚያ ቆፍሪ።"