ሹካ ያለበት ባነር

አባቴ የሳለው አምባዛ ጢሙን እንደ መንደር ሹም አንጨፍርሮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን በሳቅ ከፍቶ፣ መንገደኛውን ሁሉ "ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?" የሚል ይመስል ነበር። ከጎኑ አውራ ዶሮ፣ ከዶሮው ሥር ዳክዬ። በእኛ ከተማ በሱራባያ ማታ ማታ አምባዛ ጠብሶ የሚሸጥ ሁሉ ድንኳኑ ፊት እንዲህ ያለ በእጅ የተሳለ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። የእኛን የሳለው ግን አባቴ ነው።

"አባዬ፣ ሊጠበስ ነው እኮ፤ ምን ያስቀዋል?" እለው ነበር።

"እንግዳ ወዶ ነዋ" ይለኛል፣ ብሩሹን በጥርሱ እንደነከሰ።

አባዬ በሞተ በዓመቱ እማዬ ጨርቁን አወረደችና ማተሚያ ቤት ያሳተመችውን የሚያብረቀርቅ ባነር ሰቀለች። ወርቅ የመሰለ የዶሮ እግር፣ ነጭ ሳህን፣ ሹካና ቢላ። "አሮጌው ነትቧል" አለች። አኮረፍኩ። እሷ ደግሞ ኩርፊያ መቼ ታያለች!

ከዚያ ወዲህ ድንኳናችን ቀዘቀዘ። አምባዛው ያው፣ በርበሬው ያው፣ አግዳሚው ግን ባዶ። "እንዲህ ከቀጠለ ድንኳኑን ሸጬ ፋብሪካ እገባለሁ" ማለት ጀመረች እማዬ።

አንድ ምሽት የድሮ ደንበኛችን ፓክ ሳርኩም (ትልቅ ሰውን 'ፓክ' ነው የምንለው፣ 'አባባ' እንደ ማለት)፣ ሰው የሚጭኑበትን ባለ ሦስት እግር ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሊያልፉ ሲሉ መንገድ ዘጋሁባቸው።

"ፓክ፣ ተጣላን እንዴ?"

"ኧረ ልጄ! እናንተ ከፍ አላችሁ እንጂ። እኔ በዚህ ነጠላ ጫማ..."

"ምን ላይ ወጥተን ነው ከፍ ያልነው?"

በአገጫቸው ባነሩን አሳዩኝ። "ሹካ ገዝታችኋል።"

ሳቄ አመለጠኝ። እኛ ጋ ሰው በእጁ ነው የሚበላው፤ ድንኳናችን ውስጥ ሹካ ቢፈለግ አይገኝም!

"ማተሚያ ቤቱ ነው የጨመረው" አለች እማዬ ከመጥበሻው ኋላ። "ሥዕሉ ላይ ያለው ዶሮ፣ የምንሸጠውም ዶሮ። ምኑ ያስፈራል?"

"የሚታየውማ ዶሮ ነው" አልኳት። "የሚለው ግን 'እግርህን ታጠብ፣ ኪስህን ዳብስ' ነው። የአባዬ አምባዛ እንደ ጎረቤት ነበር የሚጣራው። አንቺ እሱን አውርደሽ..."

"በቃ!" መጥበሻውን ከእሳት ላይ አነሳች። "አንቺን 'ግቢ' ይልሻል። እኔን ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ ስሰቅለው 'የሳለኝ የለም' ነበር የሚለኝ።"

ፓክ ሳርኩም ባርኔጣቸውን የሚያስተካክሉ መሰሉ። እኔማ ጨርቁ ስለነተበ ያወረደችው መስሎኝ ነበር።

"እንግዲያው እኔ ልሳል" አልኩ። "የኔ አምባዛ ምንም አይልሽም፤ ገና አፉን አልፈታም።"

በማግስቱ የአባዬን ጨርቅ ወለል ላይ ዘርግቼ፣ አዲስ ጨርቅ ከጎኑ አድርጌ፣ እያየሁ ገለበጥኩ። ብሩሹ አሁንም የጥርሱ ምልክት አለበት። የአምባዛዬ ጢም ተጣመመ፤ አንዱ ዓይን ወደ ዳክዬው፣ ሌላው ወደ ሰማይ ሄደ። አውራ ዶሮው እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። እማዬ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው። ልታለቅስ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"ይሄ ዓሣ አዙሮታል እንዴ?" አለችና፣ ሳቁ ሲያሸንፋት ግድግዳውን ተደገፈች። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ማታ ራሷ ሰቀለችው። ፓክ ሳርኩም ብስክሌታቸውን አቆሙ።

"ይሄ ሸውራራ የማነው?"

"የልጄ" አለች እማዬ። "ይግቡ፣ እርስዎን ነው የሚያየው።"

"እኔ ደግሞ ዳክዬዋን መስሎኝ" አሉና ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣ አግዳሚው ላይ አንድ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ።