በሁለቱ ቀይ መስመሮች መካከል

የሚዛኑ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች አሉ። ክብደቱ ከላይኛው መስመር ያለፈ ሰው በጄቱ የኋላ ወንበር አይበርም፤ አደጋ ቢመጣ ተስፈንጣሪው ወንበር ከአውሮፕላኑ አርቆ ሊወረውረው አቅም ያንሰዋል። ከታችኛው መስመር የጎደለም አይበርም፤ ወንበሩ ከልኩ በላይ ይወረውረውና አንገቱን ይሰብረዋል። ከሚዛኑ ጎን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የእንጨት ወንበር አለ። እዚያ ላይ የቁመትና የጭን ልክ ይወሰዳል። ጭኑ የረዘመ ሰው ሲወረወር ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ይጋጫል።

ሰዎቹን የምትለካው አንዲት ልጅ ናት። በጦር አውሮፕላን ጣቢያው የበረራ ልብስ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ትለካለች፣ የሰፋውን ቱታ ታጠብባለች፣ የጠበበውን ትለቃለች፣ የትከሻ ማሰሪያ ታስተካክላለች። ከአንገቷ በማይወርደው መለኪያ የተነሳ «ሜትር» ይሏታል። ጋዜጠኛ ለክታለች፣ ዘፋኝ ለክታለች፣ ባለሥልጣን ለክታለች፤ ብዙዎቹንም መልሳለች። አንዴ አንድ ባለሥልጣን «እና ጭኔን ላሳጥረው ነው?» ብሎ ሲቆጣ፣ አቀርቅራ «ጌታዬ፣ እኔ ልብስ እንጂ አጥንት አልሰፋም» አለችው። ይህቺ መልስ ጣቢያውን ዞራ ተመልሳ እሷው ዘንድ መጣች።

አባቷን ግን መመለስ አልፈለገችም።

አባቷ እዚያው የሞተር መካኒክ ነው። በጣቢያው ልማድ መካኒክ ጡረታ ሲወጣ፣ እጁ ሲጠግነው የኖረው ጄት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ይበራል። ዕድሜውን ሙሉ ከሥር ሆኖ ያዳመጠውን ሞተር፣ አንዴ እንኳ ላዩ ላይ ሆኖ እንዲሰማው ነው። ባለሁለት ወንበር ጄት ጣቢያው ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። አባቷ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ከታች ቆሞ ሸኝቷል። ሲወርዱም መሰላሉን የሚይዘው እሱ ነው፤ «እንዴት ነው?» ይላቸዋል፤ ማንም ደህና አድርጎ መልሶለት አያውቅም። ከዚህ ሌላ ለራሱ የተመኘው ነገር ካለ ልጁ አታውቅም።

ችግሩ ግዙፍ መሆኑ ነበር። በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጎተራ» ነው የሚሉት። ጡረታው ሲቃረብ ሚዛን ላይ ወጣ፤ መርፌው ላይኛውን መስመር ጥሎት ሄደ።

የሥራ ጓደኛው በር ላይ ቆሞ ነበር። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ካቻቢቴ ይባላል።

«ጎተራ፣ ዛሬ አንዱን እግርህን ብቻ አሳርፍ። ሌላው በሚመጣው ወር ይመዘናል።»

«ዝም በል አንተ ቀጫጫ! ነፋስ የሚገፋህ!»

«ቢገፋኝስ? ሲገፋኝ እበራለሁ። አንተን ምን ይገፋሃል?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አባቷ ግን ከሚዛኑ ሲወርድ አልሳቀም። ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ፣ «እወርዳለሁ፣ ልጄ» አላት። ስለ ክብደቱ ነው።

ስኳር ተወ፣ ዳቦ ተወ፣ እራት ተወ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸውና እሷም አብራው እራት ተወች። በየሳምንቱ ልብስ ክፍል መጥቶ እጆቹን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ እሷ ሜትሩን ትጠመጥምበታለች። ልኩ በቀነሰ ቁጥር ካቻቢቴ በመሰርሰሪያ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳለታል፤ በተበሳ ቁጥር ወርክሾፑ ያጨበጭባል። «የጎተራው እህል እያለቀ ነው!» ይላል ካቻቢቴ። መርፌው ከላይኛው መስመር ሥር የገባ ቀን መካኒኮቹ ተሸክመውት ግቢውን ሊዞሩ ተነሡ፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን «ገና ነው፣ ገና ይከብዳል፣ ትንሽ ይቀረዋል!» እያሉ አስቀመጡት። ልጅቷ ያን ቀን እንደሳቀችው ስቃ አታውቅም።

በረራው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። በዚያው ሰሞን የጄቱ ሞተር ውስጥ አንድ ክፍል ተሰንጥቆ ተገኘ። ያገኘው ራሱ አባቷ ነው፤ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ሞተሩ ወረደ፤ መለዋወጫ ከውጭ ታዘዘ። በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል ተባለ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ተባለ።

አባቷ ዳቦ ጀመረ፣ እራትም ጀመረ። «ከእንግዲህ ምን አስጨነቀኝ፣ መስመሩ ውስጥ ገብቻለሁ» አለ። ቀበቶው ግን ሌላ ቀዳዳ ፈለገ።

መጀመሪያ ደስ አላት። ሰውነቱ መክሳቱን ለምዶት ነው ብላ አሰበች። ሌሎቹም አጨበጨቡ። ነገሩ የገባት ቱታውን እንደገና ልታጠብለት ስትለካው ነው። ሰው ምግብ ሲቀንስ የሚሄደው ሆዱ ነው፤ ትከሻው ቦታውን አይለቅም። ይህን ስንቱ ሰው ላይ አይታዋለች። የአባቷ ትከሻ ለቋል። ሜትሩ ሥር ያገኘችው አጥንት ከዚያ በፊት ነክታው የማታውቀው አጥንት ነበር። እጇ ቆመ።

«ምነው?» አላት።

«ምንም። ክሩ ተጠላልፎብኝ ነው።»

አመሻሹ ላይ ቤት ሲቀመጡ አላስችል አላት።

«አባዬ፣ ያምሃል እንዴ?»

«ምኔን?»

«እኔ እንጃ። በጣም ከሳህ።»

«ዓመቱን ሙሉ ክሳ ክሳ ስትይኝ ከርመሽ ስከሳ ደግሞ ያምሃል? አንቺን ማስደሰት እንዴት ያለ መከራ ነው!»

«አትቀልድ። ሐኪም ጋ ብንሄድስ?»

ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «የትኛውም ሐኪም ጋ ብንሄድ ወሬው የበረራ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል። አንዴ ከሰረዘኝ ተሰረዝኩ። መለዋወጫው እስኪገባ ነው ልጄ። በርሬ ልውረድና ወደፈለግሽው ውሰጂኝ።»

«እሺ» አለች።

በማግስቱ ቱታውን አጠበበችው። ልብስ ገጥሞ ሲለበስ መክሳት አይታይም። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አጠበበችው፤ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። እያንዳንዱን ስፌት ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ መለዋወጫው ይኸኔ መንገድ ላይ ነው ትላለች ለራሷ።

መለዋወጫው የገባው አባቷ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። የገጠመው ካቻቢቴ ነው። አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «እሱን አጥብቀው፤ ይሄኛውን ተወው» እያለ አሠራው። መሰላሉን ለመውጣት ጉልበት አንሶት ሲቀመጥ ያየው ሁሉ ጡረታ የወጣ ሰው ኩራት ነው ብሎ አለፈው።

ለበረራው የመጨረሻው ምዘና ላይ የበረራ ሐኪሙ መጣ። አባቷ ቱታውን ለብሶ፣ ቦቲውን አጥልቆ፣ ሄልሜቱን ታቅፎ ሚዛን ላይ ወጣ። መርፌው ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከታችኛው መስመር ሥር ቆመ።

ሁሉም ላይኛውን መስመር ብቻ ሲያዩ ስለከረሙ፣ ታችኛው ዛሬ የተቀባ ይመስል አፍጥጠው አዩት።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለ ካቻቢቴ። አባቷ ሲወርድለት ራሱ ወጣበት። ሚዛኑ ደህና ነበር። ካቻቢቴ እንኳ ከታችኛው መስመር በላይ ነው። ወዲያው ሮጦ ሄደና ከወርክሾፑ ከባድ የእርሳስ ብረት ቁራጮች በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ። «ዶክተር፣ ይኸው። ልጁ ቱታው ውስጥ ትስፋለት። ትንሽ ነገር እኮ ነው የጎደለው!»

«እርሳሱ ሚዛኑን ይሸነግላል፤ አንገቱን አያጠነክርለትም» አለ ሐኪሙ። ካቻቢቴ እርሳሱን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ታቅፎት ቆመ።

«ጋሼ፣ እስቲ ቱታውን ያውልቁልኝ።»

አወለቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት መካኒኮች አንድ በአንድ ወጡ። ሐኪሙ የዓይኑን ቆብ ገልጦ ብጫውን አየ፤ ከጎድኑ ሥር ጫን ሲለው አባቷ ጥርሱን ነከሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የቅርብ ጊዜ ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ቱታውን አንሥቶ ገለበጠው። ስፌቶቹ አንዱ ከአንዱ ጎን በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ልጅቷ ሥራዋን አጥርታ ነው የምትሠራው። ቀና ብሎ አያት። ከዚያም ቱታውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው።

በሁለቱ መስመሮች መካከል የነበረባቸው ቀናት ነበሩ። የልኩ ሰው የነበረባቸው ቀናት። በእነዚያ ቀናት ጄቱ ሞተር አልነበረውም።

ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙ፣ «ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። ነገ እንዳትዪ» አላት።

«ይድናል?»

«ቀደም ብሎ ቢመጣ ጥሩ ነበር» አላት።

ሊያበረው የነበረው ወጣት ሻምበል ግቢው በር ላይ ደረሰባቸው። «ጋሼ፣ ቢያንስ መሬት ላይ ይቀመጡበት። ሞተሩን አስነሣለሁ፤ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ሄደን እንመለሳለን።»

«ተባረክ የኔ ልጅ። እዚያ ወንበር ላይ ሽቦ ስፈትሽ ነው የኖርኩት። መሬት ላይ መቀመጡንማ ጠግቤዋለሁ።»

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አግዳሚው ሞልቶ ነበር። አንዲት ሴት አይታው ተነሣችለት፤ እሱም ሳያቅማማ ተቀመጠ። ድሮ ቢሆን አይቀመጥም። ጄቱ ለሙከራ ተነሥቶ በላያቸው አለፈ፤ የኋላ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። አባቷ አላንጋጠጠም። ድምፁ እስኪርቅ አዳመጠና፣ «ደህና ገጥሞታል» አለ።

«አባዬ፣ እኔ አውቄ ነበር» አለችው።

«አውቀሽ እንደነበር አውቃለሁ። ስትለኪኝ እጅሽ ይቆም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበራ።»

ብትነግረው ኖሮ የሆነው ይሆን እንደነበር፣ ወይም እንደማይሆን፣ የሚነግራት ሰው ቢኖር ብላ ተመኘች።

አውቶቡሱ መጣ። የመጀመሪያው ደረጃ ከፍ ያለ ነበር፤ አባቷ እግሩን አነሣ፣ አልደረሰም፤ እንደገና አነሣ።

«ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ቆይ አባዬ፣ ልያዝህ።»

ከብብቱ ሥር ገብታ አቀፈችው። ክንዷ የሚያውቀው የድሮውን ክብደት ነው፤ ለዚያ ክብደት እግሯን ሰፋ አድርጋ ቆመች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ባላት ኃይል ሁሉ አነሣችው። ከሚገባው በላይ ከፍ አለ። እግሮቹ ደረጃውን አልፈው፣ የሚያርፉበት አጥተው፣ አየር ላይ ቀሩ።

ቀስ ብላ አወረደችው።