መንጋጋና የድንበር ድንጋይ

የሻረግ መንጋጋዋን ታመመች እንጂ አልዋሸችም። ይህን የወገዳ ገበያ ሁሉ ቢሰማላት ደስ ባላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቷ ባዩ፣ ባሏ የሞተባት የዘርፌን የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ወደ ዘርፌ ማሳ ሲያስገባው የሻረግ በዓይኗ አየች። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እሷም መስቀል ጨብጣ መሰከረች፤ መሬቱ ለዘርፌ ተመለሰ። በስድስተኛው ወር የሻረግ ጥርሷን ተነቀለች። ቁስሉ አልዘጋ አለ፤ ድዱ ሸሽቶ አጥንቱ ገጦ ወጣ፤ ሽታው ለራሷም አስጠላት። ባዩ ታዲያ አጋጣሚውን መች ይለቃል! «በሐሰት የማለ አፍ እንዲህ ይበሰብሳል» እያለ አስወራ። አገሩም፣ ምን ገዶት፣ አመነው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን እንደገና ሊያዩ ለጥቅምት ማርያም ቀጠሩ።

ባሕር ዳር ያለችው የጥርስ ሐኪም ሜሮን ግን ሌላ ነገር ነገረቻት። የሻረግ የጡት ካንሰር ታማ ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ስለገባ፣ አጥንት የሚያጠነክር መርፌ ስትወጋ ቆይታለች።

«መርፌው ጠቅሞዎታል፤ መንጋጋዎን ግን ጎድቶታል። በዚያ ላይ ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ መዳን ያቅተዋል» አለቻት። ቁስሉን አጠበች፣ መድኃኒት አዘዘች፣ ከዚያ ቀጭን ቀይ ብርሃን አሳረፈችበት። የሻረግ ይፈጀኛል ብላ የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ያዘች፤ ምንም አልተሰማትም።

«ሌዘር ነው። ድዱ አጥንቱን እንዲሸፍነው ይረዳል፤ ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም። ላይዘጋም ይችላል። በየሳምንቱ ይምጡ።»

አምስት ሳምንት ተመላለሰች። ድዱ ከዳር ከዳር መያዝ ጀመረ። ይኸኔ የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደ ገብርኤል ቤቷ መጡ፤ እሳቸውም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው።

«ልጄ፣ ቀጠሮውን አዘገየዋለሁ። አፍሽ ሲድን ትመጫለሽ፤ ያኔ መዳንሽ ራሱ ይመሰክርልሻል።»

ለእሷ አስበው እንደሆነ ታውቃለች፤ ይበልጥ ያንገበገባትም እሱ ነው።

«ባልድንስ አባ? የዘርፌ መሬት ለባዩ ሊሆን ነው? እውነቱ ያለው እኔ አፍ ውስጥ አይደለም። እመጣለሁ፤ እንዲህ እንደሆንኩ እመጣለሁ!»

በማርያም ዕለት ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ። ባዩ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ተቀምጧል። የሻረግ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገፈፈችው። አንዱ ሽማግሌ ፊቱን አዞረ።

«እዩት፤ አጥንቴ ነው። የጎዳው መርፌው ነው፤ ስለ መርፌው ሳልናገር ጥርስ ያስነቀልኩትም እኔው ነኝ። ይዳን አይዳን እኔም ሐኪሟም አናውቅም። ድንጋዩ ግን ተነቅሏል! ሲነቀል ሥሩ ተሰብሮ መሬት ውስጥ ቀርቷል ብዬ ያኔም ነግሬያችሁ ነበር። መሐላው ይበቃል ብላችሁ ማንም አልቆፈረም። አሁን የእኔን አፍ ተዉትና መሬቱን ቆፍሩት!»

ባዩ «የበሰበሰ አፍ...» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ቄሱ ግን መቋሚያቸውን ይዘው ተነሥተዋል። ዶማ መጣ፤ ሁሉም ወደ ማሳው ወረዱ። የሻረግ ባሳየችው ቦታ ክንድ እንኳ ሳይቆፈር ስባሪው ብቅ አለ። ድንጋዩን አምጥተው ቢያስቀምጡበት ልክ ገጠመ። ዘርፌ እልል አለች። ቄሱ የሻረግን ቀና ብለው ማየት አፈሩ።

ሐሙስ ዕለት የሻረግ በሚኒባስ ባሕር ዳር ወረደች። ቁስሉ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ሜሮን መብራቱን አስተካክላ፣ «አፍዎን ይክፈቱ፣ እማማ» አለቻት።

«መቼ ዘግቼው አውቃለሁ!» አለች የሻረግ።