የኦቭኑ በረኛ

የቤተክርስቲያኑ ኩሽና ኦቭን በሩ አይገጥምም ነበር። ሲዘጉት ቆየት ብሎ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ያዛጋል። ስለዚህ ወንበር ይደገፍበትና ወንበሩ ላይ ሰው ይቀመጣል። ያ ሰው ሁልጊዜ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ጋሽ በረኛ ያሏቸውም ለዚህ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት የሚወጡት እሁድ እሁድ ብቻ ነው። የምሳው ፓይ እስኪበስል ጀርባቸውን ለሙቀቱ ሰጥተው ወሬ ይሰልቃሉ።

አንዲት ልጅ እዚያው ኩሽና ማገልገል ከጀመረች ገና ወሯ ነው። አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሏታል። የኩሽናው አለቃ አክስቷ ናት፤ ከአምልኮ በኋላ ቤቱ ምሳ የማይጠብቀው ሰው ሁሉ የሚበላውን፣ ድንችና ሥጋ በሊጥ የተሸፈነበትን ፓይ የምትጋግረው እሷ ናት። ሬዲዮ አክስቷን ደስ ላሰኛት ብላ ጋራዥ የሚሠራ ወንድሟን ቅዳሜ ዕለት ጎትታ አመጣችው። አንድ ብሎን ቀየረ፣ አለቀ። በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

እሁድ ጠዋት አክስቷ በሩን ከፈተችው፣ ዘጋችው።

«ማነው የሠራው?»

«ወንድሜ። በነፃ።»

«እሰይ» አለች፤ ፊቷ ግን እሰይ አላለም። ሊጧን መዳመጥ ቀጠለች።

ሬዲዮ ምን አጠፋሁ እያለች ሳለ ጋሽ በረኛ ገቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ወንበሩ የለም፣ ወደ አዳራሹ ተመልሷል።

«በሩ ተሠራ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጀርባዎ አይጠበስም።»

«ተባረኪ።» በሩን በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ንቅንቅ አላለም። «እንግዲያው እኔ ልሂድ። ቤትም ትንሽ ሥራ አለችኝ።»

«ካሮት ይላጡልን እንጂ» አለች አክስቷ።

«ኧረ እኔና ቢላ አንተዋወቅም፣ ጣቴን ነው የምትበሉት።» ሳቅ ብለው ኮፍያቸውን አደረጉና ወጡ።

ሬዲዮ ያኔ ገባት። ቤት ምንም ሥራ የላቸውም። ዛሬ ከሄዱ ደግሞ የሚቀጥለው እሁድም አይመጡም።

«አውቀሽ ነው እንዴ ሳታሠሪው የኖርሽው?»

«ዝም ብለሽ ድንችሽን ላጪ።»

ዝም ማለቱንም አልቻለችበትም፣ ድንቹንም አልላጠችም። ኦቭኑ ገና አልተለኮሰም። የቢላዋን ጫፍ ብሎኗ ላይ ሰክታ አሽከረከረችና አወጣቻት። በሩ አዛጋ። ከዚያ እስከ ግቢው በር ሮጠች።

«ጋሼ፣ ይመለሱ እንጂ። የወንድሜ ሥራ እኮ ድሮም አይበረክትም፣ ያው ተከፈተ።»

ሰውየው መንገዱን አዩ፣ እሷን አዩ።

«የዘንድሮ ልጅ ብሎን ማጥበቅ የት ያውቃል» አሉ። ወንበሩን ከአዳራሹ ራሳቸው ተሸክመው አመጡ።

ፓዩ ገባ። ጋሽ በረኛ ተቀምጠው የድሮ መኪናቸውን ወሬ ባለፈው ካቆሙበት ቀጠሉ። ሬዲዮ ወንድሟን፣ ያውም በቤተክርስቲያን ግቢ፣ ማማቷ ትንሽ ከንክኗታል፤ ማታ ትነግረዋለች። አክስቷ ሁለተኛውን ሊጥ እየዳመጠች የልጅቷን የሽርጥ ኪስ አየት አደረገች።

«ብሎኗን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሊጡ ውስጥ እንዳትጥያት።»