ደም እየተጣራ ነው

ልጄ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናው መርፌ ጣቷን ሲበሳት በቁራጭ ጨርቅ አስራ ሥራዋን ቀጠለች። ክንዷ እስኪያብጥ ድረስ «ይሻለኛል እማዬ» ከማለት በቀር ምንም አላለችም። ሆስፒታል ስናደርሳት ግን ግፊቷ ወርዶ፣ እጅ እግሯ በርዶ፣ ስጠራት አትሰማም ነበር።

ሐኪሙ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። በቁስሉ የገባው ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ተሰራጭቷል። መድኃኒቱም፣ ግፊት የሚያነሣውም እየተሰጣት ነው፤ አልበቃትም። በዚያ ላይ ደሟን በማሽን እናጣራለን አለኝ። ያድናታል ወይ ብዬ ስጠይቀው እርግጠኛ እንዳልሆነ፣ ሌላ የቀረ ነገር ስለሌለ እንደሚሞክረው ነገረኝ። እኔ ግን የያዝኩት «እናጣራለን» የምትለዋን ብቻ ነው። የደፈረሰ ውኃ እንኳ ሲያጣሩት ይጠራ የለ?

አስገብተዋት በሩን ዘጉት። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ማንበብ የጀመርኩት በቅርቡ ነው፤ የማታ ትምህርት ያስመዘገበችኝም እሷው ናት። ስታስጠናኝ «እማዬ፣ ፊደል ስትለቅሚ እኮ በቆሎ የምትፈለፍይ ነው የምትመስይው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አሁንም አንድ በአንድ ፈለፈልኩት። ደም... እየተ...ጣራ... ነው።

ደሟ እኔን እየተጣራ መሰለኝ። በሩን በርግጄ «አቤት ልጄ፣ አቤት» እያልኩ ገባሁ።

ውስጥ የነበረችው ሲስተር ክንዴን ይዛ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት።

«ይሄ የማጣራት ነው እንጂ የመጥራት አይደለም፣ እናቴ» አለችኝ፣ ሳቋን እየዋጠች።

እኔም ሳቅሁ። ልጄ ብትሰማ ለሰፈሩ ሁሉ ታወራብኝ ነበር።

ሲስተሯ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ከአልጋው ራስጌ እንድቆም ተወችኝ። ደሟ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል። ሲወጣም ቀይ፣ ሲመለስም ቀይ። ቆሻሻው የታለ አልኳት። በዓይን የሚታይ አይደለም አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከቱቦው አልነቀልኩም፤ ትንሽ ነጣ ቢል፣ ትንሽ ቢያበራ ብዬ።

ግፊቷ አልተነሣም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ትንፋሿ ቆመ። ሐኪሙ ማሽኑን አጥፍቶ እንደገና አጠገቤ ተቀመጠ።

ስወጣ ሲስተሯ ወረቀቱን ልትልጠው እጇን ዘርግታለች። ትንሽ ይቆይ አልኳት። በሩ ፊት ቆሜ አነበብኩት። ሳልፈለፍል፣ በአንድ ትንፋሽ።

«አቤት» አልኩ።