የአዲሷ መኪና ዘይት

እማማና አማቻቸው የለየለት ጠብ ውስጥ የገቡት አዲሷ መኪና ደጃፍ ላይ በቆመችበት ቀን ነው። ከዚያ በፊትም አይዋደዱም ነበር፤ ግን ደህና የሚጣሉበት ነገር አላገኙም ነበር።

መኪናዋ ነጭ ናት። የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። የእማማ ልጅ ባሏን አቅፋ ትስቃለች። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው፣ ሚጢጢ የሚሏት፣ መሪው ጋ ተቀምጣ ጡሩምባውን ታስጮኸዋለች። እማማ ሹራባቸውን ሰብሰብ አድርገው መኪናዋን አንዴ ዞሯትና፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ሳይሉ፣

"ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሞላ ዘይቷ ይቀየር" አሉ።

አማችየው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። የድንጋይ መፍጫ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነው። ሠራተኞቹ "ሚሊሜትር" ይሉታል፤ ከተጻፈ ነገር ውልፍት የማይል ሰው ስለሆነ።

"መመሪያው አሥር ሺህ ነው የሚለው" አለ። "አሥር ሺህ፣ ወይም አንድ ዓመት።"

"መመሪያው ምን ያውቃል? አዲስ ሞተር ብረቱ እርስ በርሱ እስኪላመድ ይፋቃል። ፍቅፋቂው ዘይቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። ባሌ አርባ ዓመት ሙሉ . . ."

"ባልዎ የሠሩት የድሮ መኪና ነው።" ትንሽ ቆይቶ፣ የተረሳ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው፣ "ነፍሳቸውን ይማርና" ሲል ጨመረበት።

እማማ ያቺን "ነፍሳቸውን ይማርና" ሆዳቸው ውስጥ አስቀመጧት።

ሺህ ሞላ፤ አልተቀየረም። ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ሞላ፤ አልተቀየረም። እማማ ጠዋት ጠዋት ሚጢጢን ሲሸኙ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ይስሟታል፤ በአንድ ዓይናቸው ልጅቷን፣ በአንድ ዓይናቸው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር እያዩ። ከዚያ ቁጥሩን እያጉተመተሙ ወደ ወጥ ቤት ይገባሉ፤ ቀኑን ሙሉም ቁጥሩ ከጭንቅላታቸው አይወርድም።

ነገር ፍለጋ አልነበረም። የሚጢጢ ትምህርት ቤት ያለው ዳገት ላይ ነው። ከባድ መኪኖች ከፊትም ከኋላም እግር በእግር የሚከታተሉበት፣ ዳር እንኳ መቆሚያ የሌለው ዳገት። ሟቹ ባላቸው መካኒክ ነበሩ፤ አንድ ቀን ማታ ከጋራዥ መጥተው እራት ሳይቀምሱ ተኙ። ነገሩን የተናገሩት በማግስቱ ነው። ዘይት የጨረሰ ሞተር ዳገት መሃል ብረቱ ብረቱን ነክሶ ቀጥ አለ፤ ከኋላ ጠጠር የጫነ መኪና ነበር። እማማ ከዚያ ወዲህ መኪና ሲያዩ ቀለሙ አይታያቸውም፤ ሞተሩ ነው የሚታያቸው።

"ዛሬስ?" ይላሉ ራት ላይ።

"ዛሬ ምን?" ይላል ሚሊሜትር፣ ነገሩን እያወቀው።

"ዘይቱ ነዋ።"

"ሚጢጢ፣ ንገሪኝ እስቲ፤ አያትሽ የሚያሳድጉሽ ለትምህርት ነው ለጋራዥ?"

"ለሁለቱም" ትላለች ሚጢጢ፤ እናቷም ሳቋን በውሃ ብርጭቆ ትሸፍናለች። ያ ሳቅ ነው ሰውየውን ይበልጥ የሚያቃጥለው።

አንድ ምሽት፣ አምስት ሺህ ካለፈ በኋላ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ይስሙኝ። ከዛሬ በኋላ ስለ ዘይት አንድ ቃል ከሰማሁ፣ ወይም ያንን የሞተር ኮፈን በጣትዎ ከነኩት፣ ሻንጣዎን ይዘው ወንድ ልጅዎ ቤት። ይኸው፣ ተናገርኩ።"

"አንተ!" አለች ሚስቱ።

"እማማዬ አትሄድም!" አለች ሚጢጢ።

"ካልነኩ ማን ይነካቸዋል?" አላት አባቷ።

እማማ ማዕዱን ማነሳሳት ጀመሩ። ወንድ ልጃቸው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው የሚኖረው። ላጤ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። እዚያ ቤት ቀን ቀን የሚያናግሩት ፍሪጁን ብቻ ነው፤ እሱም ያጉረመርምባቸዋል። እዚያ የሚታጠብ ትንሽ ካልሲ የለም። የሚሠራ ጸጉር የለም። "እማማዬ ይሄን አንብቢልኝ" የሚል የለም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ አፋቸውን ዘጉ፤ ዓይናቸውን ግን ማን ሊዘጋው።

ቁጥሩ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ሥራ ገብታለች። ሚሊሜትር በእግሩ ጸጉሩን ሊቆረጥ ወጥቷል፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ። እማማ መኪናዋን ሊወለውሉ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ወጡ። በእርግጥም ለመወልወል ነበር። ከመፍጫው ስትመለስ ሁሌም ዱቄት ላይ የተንከባለለች ነው የምትመስለው። ግን የፊቱን መሳቢያ ሲወለውሉ መመሪያው እጃቸው ላይ ወደቀ፤ ከነላስቲኩ።

ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል። መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። የወንበር ቀበቶ። ሬዲዮ። አማቻቸው ያን ሁሉ ቀን የጠቀሰባቸውን ገጽ አገኙት፤ አሥር ሺህ ይላል፣ እውነቱን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ይከድነው ነበር። እማማ ግን የጀመሩትን ጽሑፍ ሳይጨርሱ ማስቀመጥ አይሆንላቸውም፤ የሳሙና ካርቶን እንኳ እስከ ታች ነው የሚያነቡት። ገለጡ። መጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ሠንጠረዥ አለ። "በአቧራማ መንገድ፣ በተደጋጋሚ አጭር ጉዞ ወይም በዳገታማ ቦታ ለሚነዳ መኪና፤ የሞተር ዘይት በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየር። የዘይቱ መጠን በየሳምንቱ ይታይ።"

ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ኮፈኑን ከፈቱ።

"እማማዬ" አለች ሚጢጢ ከበሩ ላይ፤ "አባዬ አትንኪ ብሎሽ የለ?"

"ብሎኛል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አንቺ ጫማሽን አድርጊ።"

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው በጨርቁ ጠረጉት፣ መልሰው ከተቱት፣ እንደገና መዘዙት። ዘይቱ ታችኛውን ምልክት እንኳ አልነካም። ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ብቻ ተንጠልጥላለች፤ እንደ ቀለም የጠቆረች። ሰኞ ጠዋት ያ ዳገት አለ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

ሚሊሜትር አጥሩ ጋ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የቀረው ደቃቅ ጸጉር እንኳ አልተራገፈም።

እማማ ውሸት አላጡም። ውሃ ገባበት ማለት ይቻል ነበር። ግን ዘንጉን ወደ ፊቱ ዘረጉት። "ዘይት የለውም። እየው።"

"ኮፈኑን ይዝጉት!"

"እየው ነው የምልህ።"

"ዘይት ቢጎድል መብራት ይበራል! አዲስ መኪና ነው፣ ራሱ ይናገራል!"

"መብራቱ እስኪበራ ሞተሩ ያልቃላ! ይኸው፣ መመሪያህም መጨረሻው ላይ ብሎታል፤ አቧራ ላይ ለሚነዳ አምስት ሺህ። ሚሊሜትር ይሉሃል አሉ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ግን አልለካህም።"

ይቺን ባይሏት ኖሮ ምናልባት ያያት ነበር። አሏት። ፊቱ ቀላ፤ ዘንጉንም መጽሐፉንም ሳያይ እጁን ወደ ቤቱ ዘረጋ። "ሻንጣዎን ያዘጋጁ።"

እማማ ባልዲው ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸውን በስልክ ቢጠሩ ታለቅሳለች፤ እሷ ባለቀሰች ቁጥር ይህ ሰው ይብሱን ይደርቃል። በእልህ እስከ አሥር ሺህ ይነዳታል። ያውቁታል፤ ዘጠኝ ዓመት አብረውት ኖረዋል። በልመና አይሆንም። ብቻ እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር እጃቸው ላይ አለ።

"እሄዳለሁ" አሉ። "ዛሬውኑ፣ ሚስትህ ከሥራ ሳትመለስ። ወንድ ልጄ ናፈቀኝ፣ ራሴ ነኝ አድርሰኝ ያልኩት እላታለሁ። አማቱን አባረረ የሚልህ አይኖርም። አልቅሼ ጎረቤት አልሰበስብብህም።"

በጥርጣሬ አያቸው። "በምን ፋንታ?"

"ስትወስደኝ በሻጮቹ ጋራዥ በኩል እንሂድ፤ ዋስትናህ አይነካም። ዘይቱን በዓይኔ እያየሁ አስቀይር። ከዚያ በየአምስት ሺው።"

"ለዚህ ብለው ነው ቤት የሚለቁት?"

"ለአንተ መስሎህ ነው?"

አንገቱ ላይ የቀረውን ጸጉር አራገፈ። "ተስማማን" አለ በመጨረሻ።

"ሚጢጢ ግን እስከ ጋራዡም ቢሆን በዚህ ዘይት አትሄድም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት ትቆይ።"

በዚህ አነጋገራቸው ከሚጢጢ ጋር የቀረቻቸውን የመጨረሻዋን ግማሽ ቀን በገዛ እጃቸው አሳልፈው እንደሰጡ የገባቸው ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ነው። ሚጢጢ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ "መቼ ትመጫለሽ?" አለቻቸው። "ካልሲሽን ገልብጠሽ እጠቢ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ጋራዡ ድረስ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ወጣት መካኒክ መኪናዋን በማንሻ ከፍ አደረገች፣ ከሥር ገብታ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፈታች። ዘይቱ ቀጠነ፣ ተቆራረጠ፣ ወዲያው ቆመ። እማማ እንደ ልጅ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

"ምንድነው ይሄ?" አለች መካኒኳ ከሥር። "ከአራት ሊትር ሁለቱ እንኳ የለም። የት ነው የምትነዳው ወንድሜ?"

"መፍጫ ጣቢያ" አለ ሚሊሜትር፤ ድምፁ አነሰ።

"ታዲያ ያንተ አምስት ሺህ ነበር እኮ። መጨረሻው ገጽ ላይ አለ። ማንም አያነበውም እሱን! ትንሽ ብትቆይ ይቺ ሞተር ነክሳብህ ነበር።"

እማማ ምላሳቸውን ነከሱ። ውለታ አልነበረም፤ ውሉን ላለማፍረስ ነው። ግን አንዲት ጥያቄ አላስቀመጠቻቸውም። "የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ሺህ ላይ ተቀይሮ ቢሆንስ ኖሮ?"

"ለዚች? ኧረ አያስፈልጋትም እማማ። የድሮዎቹ ነበሩ እንደሱ። ያሁኖቹ ታጥበው ነው የሚመጡት።"

"ሰሙ?" አለ ሚሊሜትር፣ ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው ተንፍሶ። "ሰሙ አይደል? ሺህ የሚባል ነገር የለም!"

"ሰምቻለሁ። አንተም ሰምተሃል።"

"አርባ ዓመት፣ አርባ ዓመት ሲሉ . . ."

"ባሌን ከአፍህ አውጣ!" አሉ እማማ፤ መካኒኳም ቁልፏን እንደያዘች አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን አየች። አዲሱን ዘይት ሞላች፣ ፊልትሮውን ቀየረች፣ የሚቀጥለውን ቁጥር ካርድ ላይ ጽፋ ሞተሩ አጠገብ አሰረች። ከዚያ ዘንጉን ሳትጠየቅ ለእማማ ሰጠቻቸው። ዘይቱ ላይኛው ምልክት ላይ ነበር፤ ማር የመሰለ።

መገንጠያው ጋ ሲደርሱ ሚሊሜትር ፍጥነቱን ቀነሰ። ወደ ቀኝ ቤት ነው፤ ወደ ግራ የወንድ ልጃቸው ከተማ። ዳር ይዞ ቆመ፤ ጣቱን መሪው ላይ መታ መታ አደረገ።

"ሚስቴ አታምንም" አለ። "ናፈቀኝ ቢሏትም አታምንም። ሚጢጢም ታለቅሳለች።"

እማማ ዓይናቸውን ከኪሎ ሜትሩ ቁጥር ላይ አላነሡም።

"ይቅርታ ይበሉኝና እንመለስ። ኮፈኑን ያለ ፈቃዴ ስለከፈቱ። ሌላ አልፈልግም። አንዲት ቃል።"

እማማ አንዲቷን ቃል አሰቧት። ልብስ ሰፊዋ ቤት፣ ክር እየለቀመች በሩን በሩን የምታይ ልጅ ታየቻቸው። ቃሏ ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጣች፤ መልሰውም ዋጧት።

"ይቅርታ ካልኩህ ሁለተኛ መክፈት አልችልማ።"

"ሁለተኛ ሊከፍቱት አስበዋል?"

"አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ላይ። በአውቶቡስም ቢሆን እመጣለሁ።"

"በሬን አላስከፍትዎትም!"

"በርህን ማን ፈለገው? ኮፈኑን ነው።"

ሚሊሜትር ማርሽ አስገባ። መሪውን በኃይል ወደ ግራ ጠመዘዘው። እማማ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አመቻችተው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጣሉ። ረጅሙን ዳገት ሲወጡ አዳመጡት። አላጉረመረመም፣ አልተንኳኳም፤ እንደ ጤነኛ ልጅ ነው የሚተነፍሰው። ይህን ግን ለእሱ አልነገሩትም።